ሰማያዊው ፈትልና ቀዩ መስመር

የንባብ ክፍል፦ ዘኍልቍ 15፥37-41፤ ዮሐንስ 13፥1-17



ዛሬ ላካፍላችሁ የወደድሁት ሐሳብ የተነሣው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ከሚሠሩበት ጥቁር መስኮት ነው። ይህ መስኮት በስልካችን እንደለመድነው ሥዕልና የሚነካ ምልክት የለውም። ሲከፈት በግራ በኩል አንዲት አጭር መስመር ትወጣለች፤ ከእርሷ ቀጥሎ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃል። ሰውየው ትእዛዙን በፊደል ይጽፋል፣ ኢንተር ይጫናል፣ ማሽኑም ይፈጽማል። ከዚያ ያችው መስመር ተመልሳ ትመጣለች። ባለሙያዎቹ "ፕሮምፕት" ይሏታል። በእኛ አነጋገር ደጅ ላይ ቆሞ "ምን ልታዘዝ?" እንደሚል አሽከር ናት።

መስመሯ አጭር ብትሆንም ሦስት ነገር ትናገራለች፦ ማን እንደ ሆንህ፣ በየትኛው ማሽን ላይ እንዳለህ፣ በየትኛው ማኅደር ውስጥ እንደቆምህ። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ምልክት ደግሞ አራተኛውን ትነግርሃለች፤ ሥልጣንህን። ተራ ተጠቃሚ ከሆንህ የዶላር ምልክት ናት። "ሩት" ከሆንህ ግን የሞባይል ካርድ ስንሞላ መጨረሻ ላይ የምንጫናት የመሰላል ምልክት ትሆናለች። ሩት ሲባል ሞዓባዊቷ እንዳትመስላችሁ፤ በእንግሊዝኛ "ሥር" ማለት ነው። በማሽኑ ላይ ሁሉ የተፈቀደለት የበላይ ነው። ሩት "ይህ ይጥፋ" ካለ ይጠፋል። ማሽኑ "እርግጠኛ ነህ ወይ?" ብሎ የመጠየቅ ልማድ የለውም።

ይህን ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም "ሼል" ይሉታል። በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ የሚሠራው "ባሽ" የሚባለው ነው፤ ብራያን ፎክስ የጻፈው ሲሆን በ1989 እ.ኤ.አ. ወጣ። ስሙ ላይ ጨዋታ አለበት። ከእርሱ በፊት የነበረውን ታዋቂ ሼል የጻፈው ስቲቨን ቦርን ስለነበር፣ አዲሱን "ቦርን አገይን ሼል" አሉት። በእንግሊዝኛ ሲሰማ "ዳግም የተወለደ" ከሚለው ጋር አንድ ነው። ይህን የሰማሁ ቀን ከልቤ ሳቅሁ። ቆይቼ ግን አንድ ነገር አሰብሁ፦ ዳግም የተወለደውም ቢሆን፣ ማን እንደ ሆነና የት እንደቆመ በየመስመሩ የሚያሳስበው ነገር ያስፈልገዋል።

ቀለሙ ለምን?

ባለሙያዎች ይህችን መስመር ቀለም ይቀቧታል። ለእያንዳንዱ ቀለም ቍጥር አለው፦ ጥቁር 30፣ ቀይ 31፣ አረንጓዴ 32፣ ቢጫ 33፣ ሰማያዊ 34 እያለ እስከ ነጩ 37 ይሄዳል። ቀለሙን የሚዘጋው 0 ነው። ብዙዎች በገዛ ራሳቸው ላፕቶፕ ላይ ሲሆኑ መስመሯን አረንጓዴ ያደርጓታል፤ ብዙ ሰው የሚገለገልበት ሩቅ ያለ ማሽን ውስጥ ሲገቡ ወይም ሩት ሲሆኑ ደግሞ ቀይ ትሆን ዘንድ ያዘጋጇታል።

ላላወቀ ሰው የወጣቶች ጌጥ ይመስላል። ነገር ግን በ31 ጃንዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. የሆነውን ስሙ። ጊትላብ የሚባል፣ የብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎችን ሥራ የሚያስቀምጥ ድርጅት አለ። ያን ዕለት ማታ አንድ መሐንዲስ ለረጅም ሰዓት ከአንድ ችግር ጋር ሲታገል ቆይቶ ነበር። ሁለት የመረጃ ማሽኖች ነበሩ፤ ስማቸው የሚለያየው በአንዲት ቍጥር ብቻ ነው፣ አንድና ሁለት። በሁለተኛው ላይ ያለውን የማይጠቅም ማኅደር ሊያጠፋ ፈልጎ ትእዛዙን ጻፈ። የቆመው ግን በአንደኛው፣ በዋናው ላይ ነበር። ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ በኋላ ነቅቶ አቆመው። ወደ 300 ጊጋባይት ከሚጠጋው መረጃ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር። ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ በእጅ የተቀመጠ ቅጂ ስለተገኘ አብዛኛው ተመለሰ፤ የእነዚያ ሰዓታት ሥራ ግን ጠፋ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ነክቶኛል። አንደኛው፣ ድርጅቱ ለሕዝብ ባወጣው ዘገባ የመሐንዲሱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱን በአሠራሩ ውስጥ ፈለገው እንጂ ሰውየውን አደባባይ አላወጣውም። ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቁትነት ፊታቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንደሸፈኑት ነው። በቤተ ክርስቲያን እንዲህ የምናደርገው ስንቶቻችን እንሆን? ሁለተኛው፣ ለወደፊቱ ይደረግ ብለው ከዘረዘሯቸው መፍትሔዎች አንዱ ይህችው መስመር ነበረች፦ ሠራተኛው የትኛው ማሽን ላይ እንደቆመ በግልጥ ይለይ ዘንድ የየማሽኑ ፕሮምፕት ይስተካከል። ያ መሐንዲስ እውቀት አልጎደለውም። ክፉ ልብም አልነበረውም። የጎደለው በዚያች ደቂቃ የቆመበትን ስፍራ ማስተዋል ነበር።

እግዚአብሔር ያዘዘው ቀለም

አሁን ወደ ዘኍልቍ 15 እንምጣ። እግዚአብሔር ሙሴን፣ የእስራኤል ልጆች በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉ፣ በዘርፉም ላይ ሰማያዊ ፈትል እንዲያኖሩ አዘዘው። ምክንያቱንም ነገረው፦ ያን አይተው ትእዛዛቱን እንዲያስቡ፣ ልባቸውንና ዓይናቸውን ተከትለው እንዳይባዝኑ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ ሕዝብ ሲና ሥር ነጐድጓዱን የሰማ ሕዝብ ነው። ባሕር ሲከፈል አይቷል፣ መና በልቷል። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ አንድ ቀጭን ፈትል ምን ይጨምርለታል? እግዚአብሔር ግን ፍጥረታችንን ያውቃል። ሲና የአንድ ጊዜ ነው፤ ፈትሉ የዕለት ነው። ነጐድጓዱ ጆሮ ላይ ይጮኻል፣ ሰው ግን ይረሳል። ፈትሉ ዝም ይላል፤ ሰው በጎንበስ፣ በእጁ እንቅስቃሴ፣ በእርምጃው ሁሉ ያየዋል።

በሊኑክስ ማሽኖች ላይም የሚመስለው ነገር አለ። ተራ ተጠቃሚ የበላዩን ሥልጣን ለጥቂት ጊዜ የሚዋስበት "ሱዶ" የሚባል ትእዛዝ አለ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ስትጠቀምበት አጭር ምክር ይሰጥሃል፤ የሰውን ምስጢር እንድታከብር፣ ከመጻፍህ በፊት እንድታስብ፣ ሥልጣን ኃላፊነት እንዳለበት እንድታውቅ ይነግርሃል። ይህን የሚለው ግን አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። በየመስመሩ የሚያስታውስህ ቀለሙ ነው። እኛም በተሾምንበት ቀን ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው መክረውናል፤ ምክሩ ግን የአንድ ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ላለው ረጅም ዘመን ምን ፈትል አለን?

ሌላም ላክልላችሁ። ያ ሰማያዊ በመገናኛው ድንኳን መጋረጃ ላይ የነበረ፣ ከሊቀ ካህናቱም ቀሚስ ጋር አንድ የሆነ ቀለም ነው። ስለዚህ ከብት የሚጠብቀውም እንጨት የሚለቅመውም እስራኤላዊ ከካህኑ ልብስ አንዲት ፈትል በጫፉ ላይ ይዞ ይዞር ነበር። ፈትሉ "ይህን አታድርግ" ከማለት በፊት "የማን ነህ?" ይለዋል። የእግዚአብሔር ትእዛዝ ሁልጊዜ ከማንነት ይነሣል።

የጎንደር ቀይ ቀለም

በአማርኛችን "ቀለም" የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል። የሚጻፍበት ነው፣ የሚታየው መልክ ነው፣ ትምህርትም ነው፤ የተማረን ሰው "ቀለም የቀመሰ" እንለዋለን። ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሩት የጎንደር ከተማና ዙሪያው ይህን ቃል በሦስቱም ትርጕሙ የኖረበት ምድር ነው።

የቀደሙት የብራና ጸሐፍት በሁለት ቀለም ይጽፉ ነበር። አካሉ በጥቁር ይጻፋል። የመክፈቻው መስመርና የከበሩ ስሞች ደግሞ በቀይ። የእግዚአብሔርን ስም ሊጽፍ ሲደርስ ጸሐፊው ጥቁሩን ብዕር ያኖራል፣ ቀዩን ያነሣል። በትምህርት የምንለያይባቸው ነገሮች ቢኖሩም ከዚህ ልማድ የምንማረው አለ፦ ከተለመደው ነገር ወደ ቅዱሱ ስትሻገር እጅህ ትዘግይ።

መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስምም በጸሎቱ መካከል ይገባ ነበር። ታዲያ መጽሐፉ ተሽጦ ወይም ተወርሶ እጅ ሲለውጥ ያ ስም ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ስም ይጻፍበታል። እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ወደ 350 የሚሆኑ መጻሕፍት ወደ አገራቸው ወስደዋል፤ ብዙዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ነበሩ። በእንዲህ ያሉ ብራናዎች ላይ የተፋቀ ስም ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሰው በገንዘቡ ያስጻፈው ስም እንዲህ ነው። ጌታ ግን ድል ለነሣው ስሙን ከሕይወት መጽሐፍ እንደማይደመስስ በራእይ 3፥5 ተስፋ ሰጥቷል። ማንነታችን በሌላ እጅ የተጻፈ ስለሆነ፣ ሥልጣናችን ሲያልፍ አብረን አናልፍም።

ድብ ባሕር ላይ የሰማሁት ቃል

ድብ ባሕርን የማታውቁ ትኖራላችሁ። ከደባርቅ ደጋ ተነሥቶ፣ በጣሊያን ዘመን የተሠራው መንገድ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ገደሉ ሲያልቅ ከግርጌው ድብ ባሕር አለች። ደባርቅ ላይ የተደረበው ጋቢ እዚያ ሲደረስ ይወልቃል። መንገዱ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይቀጥላል። ጥንትም የምጽዋ ቅፍለት መሄጃ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ሊማሊሞን ወጥቶ ነው።

በዚያ መንገድ የሄደ ሰው፣ የጭነት መኪና ሲበላሽ ረዳቱ መጀመሪያ የሚያደርገውን ያውቃል። ቅጠል ይቆርጥና ወደ ኋላ ሄዶ አስፋልቱ ላይ ይበትነዋል። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ገና ያላየ ሾፌር፣ አረንጓዴ ቅጠል መሬት ላይ ካየ እግሩን ወደ ፍሬን ይወስዳል። ቅጠሉ መኪናውን አያቆመውም። የሚነግረው "ቀስ በል፣ ፊትህ ሰው አለ" ብሎ ነው።

የሰሜኑ ጦርነት ያን አገር ካለፈበት በኋላ፣ ለተጎዱ ቤተ ሰቦች የሚታደል ስንዴ በዚያ ባለች ትንሽ የምእመናን ኅብረት እጅ ገባ። ስንዴው ከስሙ ያንስ ነበር። ዝርዝሩን ለማጥበብ ማታ ላይ አራት ሆነን ተቀመጥን፤ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እኔ፣ እንዲሁም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የተማረ አንድ ወጣት። ዝርዝሩ ያለው በእርሱ ላፕቶፕ ላይ ነው። መብራት አልነበረም፤ ባትሪው ሳያልቅ እንጨርስ ብለን ቸኩለናል። ያ ልጅ ስለ ቀይና ስለ አረንጓዴው መስመር ቀደም ብሎ በመንገድ ላይ አጫውቶኝ ነበር።

አንዲት እናት ስም ጋ ደረስን። የእኛ ኅብረት አባል አይደሉም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "እሳቸውስ ልጃቸው አዲስ አበባ ነው፣ ይልክላቸዋል፤ ይሰረዙ" አሉ። ሌላውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ገና አፌን ሳልከፍት ልጁ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣና በአክብሮት እንዲህ አለ፦

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ፓስተር፤ አሁን ቀይ ላይ ነን።"

ሽማግሌዎቹ ነገሩ አልገባቸውም። የቀለሙን ነገር አስረዳኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። በዚያች ክፍል ውስጥ በሰው ማዕድ ላይ ሥልጣን የነበረን አራታችን ብቻ ነበርን፤ እርሳቸው በሌሉበት፣ በአንድ ቃል፣ በአንድ ቍልፍ። ታላቁ ሽማግሌ "እንግዲያስ ይደር" አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ቤታቸው ሄድን። ልጃቸው ገንዘብ መላኩ ቀርቶ ስልክ ከደወለ ወራት አልፎት ነበር። እናቲቱ ለጎረቤት ያልተናገሩት "ልጄን ለሰው አማሁት ይሆናል" ብለው ነው። ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ቀረ። ወዲያ ማዶ ደግሞ "ይገባቸዋል" ብለን ያለፍናቸው አንድ አባወራ ስንመጣ አይተው "እኛስ ማሽላ ይዘናል፣ ለባሰበት ይሁን" አሉን።

ያን ዕለት ሌላይቱን ሩት አስታወስሁ። ቃርሚያ የምትለቅመውን። ቦዔዝ የእርሻው ጌታ ነበር፣ ከልክሎ ቢያስወጣት ማንም አይጠይቀውም። እርሱ ግን ጐልማሶቹን፣ ከነዶው መካከል ሆን ብለው እየጣሉ ይተዉላት ዘንድ አዘዛቸው። ሥልጣን ባለበት ስፍራ ሁሉ አንዲት ሩት በእርሻው ዳር አለች። የበላይ መሆናችን የሚፈተነው እርሷን በማየታችን ነው።

እንግዲህ ምን እንማር?

1. ማን እንደ ሆንን፣ የት እንዳለን እንጠይቅ።

እግዚአብሔር በገነት አዳምን የት እንዳለ ጠየቀው። ያዕቆብን በያቦቅ ወንዝ ስሙን ጠየቀው። ኤልያስን በዋሻው ደጅ በዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። እርሱ የማያውቀው ኖሮ አይደለም፤ ሰዎቹ የቆሙበትን እንዲያዩ ነው። ስብሰባ ከመግባታችን በፊት፣ ለልጃችን ቍጣ ከመናገራችን በፊት፣ በስልካችን አንድ ወንድም ላይ የተጻፈ ክስ ከማስተላለፋችን በፊት እነዚህን ጥያቄዎች እንመልስ። የምናገረው እንደ አባት ነው፣ እንደ መጋቢ ነው፣ ወይስ እንደ ተቀየመ ሰው?

2. በሥልጣን ስንቆም ቀዩ ይብራልን።

ንጉሥ ዖዝያን ብዙ መልካም ነገር የሠራ ሰው ነበር። በበረታ ጊዜ ግን ልቡ ታበየ፤ ለካህናት ብቻ ወደ ተፈቀደው ገብቶ ዕጣን ሊያጥን ጥናውን ያዘ። ካህናቱ ፊት ለፊት ቆመው "ይህ ያንተ ስፍራ አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጡት። ያ ቀዩ መስመር ነበር። እርሱ ተቈጣ፣ ለምጹም በግምባሩ ላይ ወጣ (2 ዜና መዋዕል 26፥16-21)። አገልጋይ ሆይ፣ "ቀይ ላይ ነን" የሚልህ ወጣት በአጠገብህ ካለ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ አትቈጣው። ከሌለህ ደግሞ፣ እንዲህ ሊል የሚደፍር ሰው ከአጠገብህ ለምን እንደ ጠፋ መርምር።

ሌላም አደጋ አለ። ቀን ከሌት እንደ ሩት የሚሠራ ሰው ዓይኑ ቀዩን ይለምደዋል፤ በመጨረሻ አያየውም። ስለዚህ ነው ጠንቃቃ ባለሙያዎች የዕለት ሥራቸውን በተራ ተጠቃሚነት ሠርተው፣ የበላዩን ሥልጣን ለምትፈለገው ሥራ ብቻ በሱዶ የሚዋሱት። ውሰቱም ከደቂቃዎች በኋላ ያበቃል። በሁሉ ጉዳይ ላይ "ጌታ ነግሮኛል" የሚል መሪ ይህን ዓይን አጥቷል።

3. ቀለም ሥልጣን አይሰጥም።

ማንም ተራ ተጠቃሚ መስመሩን ቀይ አድርጎ የመሰላሉን ምልክት መጨረሻዋ ላይ መጻፍ ይችላል። ለተመልካች ሩት ይመስላል። ትእዛዝ ሲሰጥ ግን ማሽኑ "አልተፈቀደልህም" ይለዋል። የአስቄዋ ልጆች በኤፌሶን የገጠማቸው ይህ ነው፤ ቃሉን ተዋሱ፣ ማንነቱ ግን አልነበራቸውም። ፈሪሳውያንም ያንኑ እግዚአብሔር ያዘዘውን ዘርፍ አስረዘሙት፤ ለማስታወሻ የተሰጠው ለመታያ ሆነ (ማቴዎስ 23፥5)። በዘመናችን ከስሙ በፊት የማዕረግ ስም የሚደረድር በዝቷል። ስሙ በፖስተር ላይ የደመቀ ሁሉ የተላከ አይደለም። በ1899 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ክሎፕሽ የጌታን ንግግር በቀይ ያተመ አዲስ ኪዳን ኒው ዮርክ ላይ አወጣ፤ መልካም ማሳሰቢያ ነው። ነገር ግን በጥቁር የታተመውም ያው የእግዚአብሔር እስትንፋስ ያለበት ቃል ነው። ቀለሙ ዓይንን ይመራል፤ ሥልጣኑ ከተናገረው ነው።

4. ቀለም የሚሰጠው አይቆጠርም።

ይህ ረቂቅ ስለሆነ በቀስታ ልናገረው። የቀለሙ ቍጥሮች በመስመሯ ውስጥ ተጽፈዋል እንጂ በገጹ ላይ አይታዩም። ስለዚህ ባለሙያው በልዩ ቅንፍ ከቧቸው ሼሉን "እነዚህ አይቆጠሩ" ይለዋል። ቅንፉን ከተወ ሼሉ የማይታየውን እንደሚታይ ቆጥሮ ይሳሳታል፤ ረጅም ትእዛዝ ሲጻፍ ጽሑፉ ተመልሶ ራሱ ላይ ይደራረባል። ይህን ስሰማ በየጓዳው የሚጸልዩ እናቶቻችንን አሰብሁ። ለጉባኤያችን መልክ የሰጡት እነርሱ ናቸው፤ በሪፖርታችን ግን አይገቡም። ጌታም ምጽዋታችን፣ ጸሎታችንና ጾማችን በስውር ይሁን ብሏል። የተሰወረውን አውጥተን መቍጠር ስንጀምር ሕይወታችን እርስ በርሱ ይደራረባል፣ የሚነበብ አይሆንም።

5. ቀለሙን መዝጋት አንርሳ።

ቀዩ በ0 ካልተዘጋ፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ቀይ ሆኖ ይቀጥላል። መድረክ ላይ የነበረበትን ሥልጣን ሳይዘጋ ቤቱ የሚገባ መጋቢ አለ። ለባለቤቱ ይሰብካል፣ ልጆቹን ይገሥጻል፣ እራት ላይ ጉባኤ ይመራል። ወንድሜ፣ ቤት ስትገባ ባልና አባት ነህ። ከጫማህ ጋር መድረኩንም ደጅ ላይ አውልቅ።

ፎጣውን ያነሣው ጌታ

ይህን ሁሉ በአንድ ስፍራ የምናየው በዮሐንስ 13 ነው። ወንጌላዊው ጌታ ኢየሱስ ምን እንዳወቀ በጥንቃቄ ይነግረናል፦ አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው፣ ከእግዚአብሔር እንደ ወጣ፣ ወደ እግዚአብሔርም እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ማን እንደ ሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን ሥልጣን እንዳለው። ከዚህ በላይ ሥልጣን በምድር ላይ ቆሞ አያውቅም። በክፍሉ ውስጥ አሳልፎ የሚሰጠው ሰው ተቀምጧል፤ በአንድ ቃል ስሙን መሰረዝ ይቻል ነበር።

ታዲያ ሁሉ በእጁ እንደ ሆነ ባወቀበት በዚያው ሰዓት፣ እጁ ፎጣ አነሣ። የይሁዳንም እግር አጠበ። ማንነቱን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ብቻ እንዲህ ዝቅ ማለት ይችላል። እኛ ሥልጣናችንን የምንጨብጠው ብዙ ጊዜ ማን እንደ ሆንን ስለምንጠራጠር ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንድታደርጉ ልለምናችሁ። በእጃችሁ ያለውን ሥልጣን በወረቀት ጻፉ፤ በልጅ፣ በሠራተኛ፣ በተማሪ፣ በገንዘብ ሣጥን፣ በመዘምራን ቡድን ላይ ይሁን። ከዚያ ከእያንዳንዱ አጠገብ፣ ያ ሥልጣን የሚነካውን አንድ ሰው ስም በቀይ እስክሪብቶ ጻፉ። ውሳኔ ከማስተላለፋችሁ በፊት ስሙን አንብቡና ጸልዩ። ቢቻል ቤቱ ሂዱ።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ በልጅህ ደም የራስህ አድርገኸናልና እናመሰግንሃለን። የቆምንበትን የማናስተውልበት ሰዓት ብዙ ነው። እጃችን ሳይቸኩል ዓይናችንን ክፈት። በቃላችን ማዕዱ የሚታጠፍበትን፣ በዝምታችን ልቡ የሚሰበረውን ሰው አሳየን። "ቀይ ላይ ነን" የሚሉንን ለመስማት ትሑት ልብ ስጠን፤ ሁሉ በእጁ ሳለ ፎጣ ያነሣውን ጌታ እንምሰል። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ተባረኩ።